ፎቁ በዛ፣ ሥራውስ? (መልስ)

«ከተማ ሲሰፋ ኢኮኖሚው ያድጋል ከተባለ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ሥራው የታለ?» ላልከው ወንድሜ፣ ነገሩ የኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። ዳግላስ ጎሊን፣ ሬሚ ዤድዋብና ዲትሪክ ቮልራት የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 ባወጡት ጥናት፣ 116 ታዳጊ አገሮችን ከ1960 እስከ 2010 አይተዋል። ለካ ፋብሪካ ሳይኖርም ከተማ ያብጣል! ነዳጅና ማዕድን ሸጠው ገንዘቡን ከተማ ውስጥ የሚበሉ አገሮች አሉ። ሕዝቡም ተከትሎ ይጎርፋል። ሥራው ግን ባብዛኛው ችርቻሮ፣ ትራንስፖርትና የመሳሰለው ነው። «የፍጆታ ከተማ» ይሉታል፤ በፋብሪካ የሚንቀሳቀሰውን ደግሞ «የምርት ከተማ»።

እኛ እንደነሱ የነዳጅ ገንዘብ ስለሌለን ልክክ አይልም። ግን እስቲ ከብሎካችን በታች ያለውን መንገድ እየው፤ ጀበና ቡና፣ የሞባይል ካርድ፣ ድንች በመደብ፣ እንደገና ጀበና ቡና። ሁሉም የሚሸጠው ለጎረቤቱ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ልብስ ተሰፍቶ ውጭ ይላካል፤ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ ይመጣል። (ደመወዙ ቀጭን ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ።)

የፎቁን ቁጥር ተወውና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ የያዘውን ሰው «ወዴት ነው?» በለው። እኔ ስጠይቅ መገናኛና መርካቶ ያላለኝ ጥቂት ነው።