«ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» ለምን ስህተት ሆነ?

«ብዙ መረጃዎች» ለማለት «ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» ስንል ስህተቱ ሁለት ቦታ ነው። ኢንፎርሜሽን በእንግሊዝኛ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ፊቱ «ሜኒ»፣ መጨረሻው ላይ «ኤስ» አይገባም። «ኤ ሎት ኦፍ ኢንፎርሜሽን» ብለህ ጻፈው። በጥያቄና በአሉታ ጊዜ «ማች» ይሻላል፦ «አይ ዶንት ሃቭ ማች ኢንፎርሜሽን»።

የሚያሳስተን አማርኛችን ነው። «መረጃዎች»፣ «ምክሮች» እንላለን፤ «ብዙ» ደግሞ ለሰውም ለውሃም ይሠራል። አድቫይስ፣ ፈርኒቸር፣ ሆምወርክም እንደዚሁ አይቆጠሩም። አንድ ምክር ለማለት «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ነው።

«ፊው» እና «ኤ ፊው» ላይ ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ሃቭ ፊው ስኪልስ» አልኩ፤ የተወሰኑ ችሎታዎች አሉኝ ለማለት። ጠያቂዋ ፈገግ አለች። ለካ «ችሎታ የለኝም ማለት ይቻላል» ብያት ኖሯል! «ኤ ፊው» ነበር ማለት የነበረብኝ። «ሊትል» እና «ኤ ሊትል»ም እንደዚያው ናቸው።