«ውሻዬ ለመውለድ ደርሳለች?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሴት ውሾች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ሼፐርድ አለችኝ፤ 9 ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ሂት (ደም የምታይበትና ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ) ገባች። ጎረቤቴ ወንድ አለውና «ደርሳለች፣ እናገናኛቸው» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጎረቤትህን አመስግነህ በሩን ዝጋ። ደም ማየቷ ማርገዝ ትችላለች ማለት ነው እንጂ ለመውለድ ጠንክራለች ማለት አይደለም። በ9 ወሯ ራሷም ገና እያደገች ነው። የምትበላውን ከሆዷ ቡችሎች ጋር ልትሻማ ነው።

ሴት ውሻ የመጀመሪያውን ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ታያለች። ግዙፎቹ ዝርያዎች እስከ 18 ወርና ከዚያም በላይ ሊዘገዩ ይችላሉ። ከዚያ በየ6 ወይም 7 ወሩ ይመላለሳል። የመጀመሪያውን እለፈው፤ ሁለተኛውንም እለፈው። ለእንዲህ ያለች ትልቅ ዝርያ 2 ዓመት እስኪሞላት ጠብቅ ባይ ነኝ።

ነገሩ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ይህ ዝርያ በዘር የሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል። አሜሪካ ውስጥ የውሾችን ዳሌ በራጅ እያየ የሚመዘግበው ተቋም እንኳ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። ራጅ ባይቀናህ በዚያ ዕድሜዋ አረማመዷን፣ ከተኛችበት አነሳሷን ታያለህ። ጠባይዋም ይለይለታል። ደንባራ ወይም ያለ ምክንያት ተናካሽ ከሆነች፣ ቁመናዋ የቱንም ያህል ቢያምር ዘሯን አታብዛ። የጎረቤትህም ወንድ በዚሁ ይታይ።

ለአሁኑ 3 ሳምንት ያህል ብቻዋን እንዳትወጣ። ደሙ ሲቀጥን «አለቀ» ብሎ የሚለቅ ሰው ብዙ ነው። ወንድ የምትቀበለው ግን ያኔ ነው!

ጥያቄ፦ የእኔዋ በር ክፍት አግኝታ ወጣችና ከሰፈር ውሾች ጋር ስትገናኝ ደረስን። አሁን ምን ላድርግ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ለማላቀቅ እንዳልጎተታችኋቸው ተስፋ አለኝ፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። አሁን ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ከፋርማሲ የሰው ክኒን ገዝተሽ እንዳትሰጫት፣ አደጋ አለው። ቡችላ ካልፈለግሽ ሐኪሙ ማህፀኗን በቀዶ ሕክምና ሊያወጣላት ይችላል። መውለዷን ከፈለግሽ ከ4 ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከአንድ በላይ ወንድ አግኝቷት ከሆነ፣ የአንድ ሆድ ቡችሎች አባታቸው ሊለያይ እንደሚችል እወቂ።

ሌላም አለ። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የዕጢ በሽታ አለ። ከወራት በኋላ ከብልቷ ደም ሲንጠባጠብ ወይም አበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ስታዪ እንዳትዘናጊ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በአብዛኛው ይድናል። ንክሻ ካለባት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው አለማለፉን ለሐኪሙ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ሴት ውሻ አንዴ እንኳ ካልወለደች ትታመማለች ይላሉ። እውነት ነው? (ከልደታ ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ አይደለም። ጤነኛ ለመሆን መውለድ አያስፈልጋትም። እንዲያውም በልጅነቷ ማህፀኗና እንቁልጢዋ (እንቁላል የሚያመነጨው ክፍል) የወጣላት ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ማህፀኗ ካለ ግን ሂት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውኃ አብዝታ ከጠጣች፣ ምግብ ከጠላች ወይም መግል ከፈሰሳት፣ ሳታሳድሩ ለሐኪም አሳዩ። ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ይሆናል፤ ይገድላል።

ጥያቄ፦ 7 ዓመቷ ነው፤ ወልዳ አታውቅም። ዘሯ እንዳይጠፋ አንዴ ላስወልዳት? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ይተዉት፣ እናቴ። በዚህ ዕድሜ የመጀመሪያ ምጥ ለእሷም ለቡችሎቹም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ያረገዘች ውሻዬ በቅርቡ ትወልዳለች። ካልሲየም ልስጣት? ቡችሎቹንስ በስንት ጊዜያቸው ልሽጥ? (ከመርካቶ)

መልስ፦ እርግዝናዋ 63 ቀን አካባቢ ነው። ካልሲየም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጣት፤ ከወለደች በኋላ የሚያንቀጠቅጥ የካልሲየም እጥረት ሊያመጣባት ይችላል። የቡችላ ምግብ ወይም ጥሩ ሥጋ ያለበት ምግብ ጨምርላት። ገዢው ቢቸኩልም ቡችሎቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ።