ጥያቄና መልስ፦ የእጅ ሥራዎን ይዘው ባዛር ሲገቡ

ጥያቄ፦ በእጄ የሰፋኋቸውን ትንንሽ ቦርሳዎች፣ ሻርፖችና የጆሮ ጌጦች ለመጀመሪያ ጊዜ ባዛር ላይ ላቀርብ ነው። የሚሰጠኝ ጠረጴዛ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 75፣ ከፍታውም 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ምን ያህል ዕቃ ልያዝ? እንዴትስ ልደርድረው?

መልስ፦ ስሌቱን ከቦታው ኪራይ ይጀምሩ። ሽያጭዎ ቢያንስ የኪራዩን 5 እጥፍ ካልሞላ፣ የጥሬ ዕቃውና የመጓጓዣው ወጪ ሲነሳ ለድካምዎ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ኪራዩ የ6 ቦርሳ ዋጋ ከሆነ የ30 ቦርሳ ያህል መሸጥ አለብዎት ማለት ነው። ይዘው የሚሄዱት ግን የዚህን እጥፍ ነው፤ ገዢ አማርጦ መውሰድ ይፈልጋል፣ ጠረጴዛው ሲሳሳ ደግሞ የቀረው ሁሉ ሰው የተወው ይመስላል።

አደራደር ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁሉንም ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲያነጥፉት ነው። ጠረጴዛው የቆመ ሰው ጭን ድረስ ብቻ ስለሚደርስ፣ 2 ሜትር ርቆ የሚያልፍ ሰው የተነጠፈውን ዕቃ በደንብ አይለየውም። ከኋላ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ሣጥን ያስቀምጡ። በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጌጥ መስቀያ ሲያቆሙበት የጆሮ ጌጦቹ ከመሬት 145 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከዓይን ጥቂት ዝቅ ብለው ይውላሉ። ከሻርፖቹ አንዱን ዘርግተው ይስቀሉት፣ ሌሎቹን ጠቅልለው በየቀለማቸው ይደርድሩ። ታጥፎ የተቆለለ ሻርፕ ቁራጭ ጨርቅ ነው የሚመስለው።

የጠረጴዛ ልብሱ ከሥር የሚቀመጡትን ካርቶኖች ይሸፍንልዎት። 330 በ150 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይቁረጡ፦ በርዝመቱ 180 ለጠረጴዛው፣ በግራና በቀኝ ለሚወርደው 75፣ 75፤ በወርዱ 75 ለላይኛው፣ 75 ለፊት ለፊቱ። ዳር ዳሩን 2፣ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀመቅሙት ከመሬት ትንሽ ከፍ ስለሚል ማንም አይረግጠውም። የእርስዎ ጎን ክፍት ይቀራል፤ ዕቃ የሚያወጡት ከዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከቀኑ አንድ ሳምንት በፊት ቤትዎ ውስጥ ልክ በዚያ መጠን ሁሉንም ይደርድሩት። ጠረጴዛ ከሌለዎት ወለሉ ላይ በፕላስተር ልኩን ያስምሩ። ሰዓት ይያዙ፣ ከ2 ሜትር ርቀት ፎቶ ያንሱ። የሚያዘነብለው መስቀያ፣ የጎደለው መንጠቆ፣ ያጠረው ጨርቅ ያን ጊዜ ይታያል፤ ለማስተካከልም ጊዜ አለዎት።

ጥያቄ፦ ዋጋ መለጠፍ ግድ ነው? ጠይቀው ቢረዱ አይሻልም?

መልስ፦ ግድ ነው። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ ዕቃውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቆዳና ጨርቅ ላይ ግን ስቲከር አይለጥፉ፣ ሙጫው ምልክት ይተዋል። ትንሽ ካርድ በክር ይሰሩለት። ዋጋውን ሲያወጡ 5 ቦርሳ አከታትለው ይስፉ፣ ጠቅላላ ሰዓቱን ለ5 ያካፍሉ፤ መቁረጡን፣ መተኮሱንና ማሸጉን ሳይረሱ። አብዛኛው ሰው ራሱን የሚጎዳው የስፌቱን ሰዓት ብቻ ሲቆጥር ነው።

ጥያቄ፦ ቦታው ሜዳ ላይ ነው፤ 3 በ3 ሜትር ድንኳን እተክላለሁ። ነፋሱን ምን ላድርገው?

መልስ፦ በእያንዳንዱ እግር 20 ኪሎ ክብደት ያስሩ። ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይህንኑ ያህል ይመዝናል። ገመዱ ከላይኛው ማዕዘን ይውረድ፤ ጀሪካኑ እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ጋርም ይታሰር። ነፋስ ድንኳኑን የሚያነሳው ከሥር ገብቶ ስለሆነ፣ በሁለት ወይም በሦስት ጎን ብቻ መጋረጃ ከማንጠልጠል ይቆጠቡ። ነፋሱ እየበረታ ከመጣ ዕቃውን ሰብስበው ድንኳኑን ያውርዱት፤ ሽያጭ ቢቀርም ሰው ላይ ከሚወድቅ ይሻላል። ዝናብ ከሆነ ጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ከሥር በመጥረጊያ እንጨት ቶሎ ቶሎ ገፍተው ያፍስሱት፤ ውሃው ሲከብድ ብረቱን ያጎብጠዋል።