የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብሉ ፕሌንስ፣ ናይትሮጅንና የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ

ጥያቄ፦ የዋሽንግተን ዲሲና የአካባቢዋ ፍሳሽ ብሉ ፕሌንስ በሚባለው ጣቢያ ተጣርቶ ፖቶማክ ወንዝ ይገባል። ቆሻሻው ከተለየና በክሎሪን ከታከመ በኋላ ስለ ናይትሮጅን ያን ያህል የሚደከመው ለምንድን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኩልል ያለ ውሃም ባሕር ስለሚጎዳ ነው። ከሽንት የሚመጣው ናይትሮጅን ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚሄድ ወንፊት አይዘውም፤ ክሎሪንም ተህዋስያንን እንጂ እሱን አያጠፋም። በፖቶማክ ወርዶ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ለሚበቅለው አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። አልጌው ሞቶ ሲሰምጥ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የታችኛውን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሱታል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ደግሞ ላይኛው ውሃ ሞቃትና ጨው ያነሰው በመሆኑ ከታችኛው ጋር አይደባለቅም፤ ያለቀው ኦክስጅን አይተካም። ዓሣው ይሸሻል፣ መሸሽ የማይችለው ይሞታል።

ሌላው የአልጌ ማዳበሪያ ፎስፈረስ ቀላሉ ነው፦ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ሲጨመር ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ናይትሮጅን ግን ሁለት ጊዜ መለወጥ አለበት። መጀመሪያ አየር በሚነፋባቸው ገንዳዎች ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን የያዘውን አሞኒያ ኦክስጅን ወዳለበት ውህድ፣ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ለ1 ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈለጋል፤ የመብራቱ ወጪ የሚንረው እዚህ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚራቡት ቀስ ብለው ሲሆን ብርድ ይባስ ያዘገያቸዋል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ዝቃጩ ቶሎ ቶሎ ከተወገደ ባክቴሪያዎቹም አብረው ያልቃሉ፤ ገንዳው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ይደረጋል።

ቀጥሎ አየሩ ይቋረጣል። ኦክስጅን ያጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ላይ ይወስዱታል፣ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። እነሱም ምግብ ይፈልጋሉ፤ የፍሳሹ የራሱ ምግብ ግን በቀደሙት ገንዳዎች ተበልቷል። ስለዚህ ሜታኖል የሚባል አልኮል ይጨመርላቸዋል፣ ለ1 ኪሎ የናይትሬት ናይትሮጅን 3 ኪሎ ገደማ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከአየሩ ገንዳ የተረፈ ኦክስጅን ተከትሎ ከገባ ባክቴሪያዎቹ ሜታኖሉን በእሱ ይበሉና ናይትሬቱን ሳይነኩት ያልፋል። ሜታኖል አነሰ ብሎ ከመጨመር በፊት የኦክስጅኑን መለኪያ ማየት ይሻላል፤ ከመጠን ያለፈ ሜታኖል ራሱ ብክለት ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከባድ ዝናብ ሲጥል ፍሳሽ በቀጥታ ወንዝ ይገባል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የዲሲ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የዝናብ ውሃና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄድበት አሮጌ ሰፈር ነው፤ ቱቦው ሲሞላ ወደ ወንዝ ይተርፋል። ለአናኮስቲያ ወንዝ መፍትሔ የሆነው ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት የተቆፈረው፣ 7 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዋሻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ.፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ። ጎርፉ ዋሻው ውስጥ ይጠራቀምና ብሉ ፕሌንስ ላይ በፓምፕ ወጥቶ ይጣራል። የፖቶማክ በኩል ዋሻ ከእሱ በኋላ የመጣ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የተረፈ ዘይትና ቅቤ በሙቅ ውሃ ቢፈስስ?

መልስ፦ ሙቅ ውሃው ችግሩን ከእርስዎ ቤት አሳልፎ ጎረቤት ደጅ ያደርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቅቤው ቱቦ ውስጥ ቀዝቅዞ ይረጋል፣ ከካልሲየም ጋር ተዋህዶም እንደ ሳሙና ይጠነክራል። ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) ከተጨመረበት ደግሞ ክሩ ፓምፑ ላይ ይጠመጠማል፤ ማሸጊያው ላይ «መጸዳጃ ውስጥ መጣል ይቻላል» ተብሎ የተጻፈውን አይመኑ፣ እንደ መጸዳጃ ወረቀት ቶሎ አይበታተንም። ድስቱን ከማጠብዎ በፊት በወረቀት ይጥረጉት፣ የተረፈውን ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አርግተው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት። የጀበናው አተላም ዝቅ ባለ ቱቦ ውስጥ እንደ አሸዋ ስለሚከማች ወደ አበባ ማሰሮ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ።