ትርፍ እያለ ጥሬ ገንዘብ ለምን ያጥራል?

ጥያቄ፦ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የታዳጊ አገር ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ናቸው ይባላል። ታዲያ ትርፋማዎቹ ሳይቀሩ ለምን ይዘጋሉ?

መልስ፦ አባባሉ እውነት ነው፤ የዓለም ባንክ እንደሚለው በዓለም ካሉ ድርጅቶች 90 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ብዙዎቹን የሚጥላቸው ግን የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እንጨቱን በእጅ በእጅ ይገዛል፤ ወንበሮቹን ሠርቶ ለመጨረስ 20 ቀን ይፈጅበታል፤ ከዚያ ለትልቅ ደንበኛ በ60 ቀን ዱቤ ይሸጣል። ገንዘቡ 80 ቀን ታስሮ ይቆያል፤ ደመወዝ ግን በየ30 ቀኑ ይከፈላል። ትእዛዝ በበዛ ቁጥር ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የእንጨቱን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ይቀበሉ። የቀጣዮቹን 13 ሳምንታት ገቢና ወጪ አስቀድመው በወረቀት ያስፍሩ። የአጭር ጊዜ ብድር ወስደው ማሽን አይግዙበት፤ ማሽኑ ራሱን ሳይመልስ መክፈያው ይደርሳል።