ሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ በፕሌን ብሄድ ይወርድብኛል?

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አለሽ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። የወር አበባ ካየሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ በሽንት ነው ያወቅኩት ሐኪም ጋ ገና አልሄድኩም። ባለቤቴ ጋምቤላ ነው የሚሰራው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይ ብሎ የፕሌን ትኬት ሊቆርጥልኝ ነው፣ እናቴ ደሞ ፕሌን ላይ አየር ስለሚያጥር ፅንሱ ይወርዳል ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ፣ አምናም አንዴ ወርዶብኛል እና ፈራሁ።

መልስ፦ በሽልም ያውጣሽ እህቴ። ስለ አምናው አይዞሽ፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከጅምሩ የክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዘው ክፍል) ችግር ስላለበት ነው እንጂ ስለተጓዝሽ ወይ ዕቃ ስላነሳሽ አይደለም። አንዴ የወረደባት ሴት ደሞ በዚህ ብቻ ፕሌን አትከለከልም።

እናትሽ አየር ያጥራል ያሉት ነገር... ፕሌኑ ምንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ተደርጎ ነው የሚያዘው። ሱሉልታ እኮ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው! ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ የምትተነፍሺው አየር ከፕሌኑ የሳሳ ነው፣ ልጁም የተፀነሰው እዛው አየር ላይ ነው፣ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው። ከባድ የደም ማነስ ካለብሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ምርመራው ይናገራል።

እኔን ያሳሰበኝ ሐኪም ሳያይሽ መነሳትሽ ነው። አንዷን ልጅ አልረሳትም፣ እንዳንቺ በሽንት ብቻ አውቃ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ሻንጣዋን እንደያዘች መጣች፣ የሆዷን ቀኝ ጎን በእጇ ጫን አድርጋ ይዛ ትከሻዬንም ያመኛል ትላለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳይሆን እንቁላል ወደ ማህፀን የሚወስደው ቱቦ ላይ ነበር፣ ፈንድቶ ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው። በአምቡላንስ ተሯሩጠን ተረፈች፣ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮስ እያልኩ እስከዛሬ ይዘገንነኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ታዪ፣ ፅንሱ የት እንዳለ ይታወቅ፣ በዛው ደምሽን ተመርመሪ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የነፍሰ ጡር ቫይታሚንም ካልጀመርሽ ጀምሪ። ደም ጠብ ካለሽ ወይ ሆድሽን አጥብቆ ከያዘሽ ቦሌ ሳይሆን ሆስፒታል ነው የምትሄጂው።

በረራው ራሱ አጭር ነው፣ ቀበቶውን ከሆድሽ ዝቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ለማቅለሽለሹ ደረቅ ዳቦ ያዢ። የፍተሻው በር አይጎዳም። ብዙ ሰዓት ለሚበሩት ግን የደም መርጋት ስላለ በየመሀሉ ተነስቶ መራመድ ያስፈልጋል።

አሁን ደሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፣ ከፕሌኑ ይልቅ የምፈራልሽ የጋምቤላን ወባ ነው። ወባ ነፍሰ ጡር ላይ ትከፋለች፣ ደም ታሳንሳለች፣ ፅንስ ታስወርዳለች፣ አንቺ ደሞ የደጋ ሰው ነሽ ሰውነትሽ አያውቃትም። የግድ ከሆነ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ተኚ፣ ሲመሽ እጅጌ ሙሉ ልበሺ፣ ትኩሳት ከተሰማሽ ሳታድሪ ተመርመሪ፣ መከላከያ ብለሽ ዶክሲሳይክሊን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ የሚሆነውን ሐኪም ይዘዝልሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ባለቤትሽ ፈቃድ ወስዶ ሱሉልታ ቢመጣ ይሻላል፣ ትኬቱን ሳይቆርጠው ዛሬውኑ ደውዪለት።