6ቱን ሰርዞ ልክ መጣለት

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። 16/64ን አቃልል ሲባል ላይና ታች ያሉትን 6ቶች ሰርዞ 1/4 አለ፣ ራይት ተደረገለት። በማግስቱ 13/39 ላይ 3ቶቹን ሰርዞ 1/9 ሲል ኤክስ! «አንድ ዓይነት ሠርቼ እንዴት?» ብሎ አኩርፎ እራቱንም አልበላ። እኔም መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?
የልጅ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህታለም። ልጁ ማኩረፉ ልክ ነው፤ ጉድ የሠራው የመጀመሪያው ራይት ነው። መልሱ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ስህተት። እኔም ኮምቦልቻ ሳስተምር ስንቱን እንዲህ አሳልፌያለሁ፣ መልሱን ብቻ እያየሁ።

16 ላይ ያለው 6 ስድስት ነው፣ 64 ላይ ያለው ግን ስልሳ። ስድስትና ስልሳ በምን ሒሳብ ይጣፋሉ? ማቃለል ማለት ላዕሉንም ታህቱንም ለአንድ ቁጥር ማካፈል ነው። 16 ለ16 ሲካፈል 1፣ 64 ለ16 ሲካፈል 4። አለቀ። በዕድል እንዲህ የሚያታልሉ ከአንድ በታች የሆኑ ባለሁለት አሃዝ ክፍልፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 16/64፣ 19/95፣ 26/65 እና 49/98። (30/50 ላይ ዜሮዎቹን ቢሰርዝ ግን አትቆጪው፣ እሱ ለ10 ማካፈል ነው።)

ለቡና ቁርስ ዳቦ ስትቆርሺ አሳዪው። አራት ቦታ ቁረጪና አንዱን ለሱ ስጪው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራሽ 16 ቦታ ቆራርሱት፣ ጠረጴዛው ቢበላሽም ግድ የለም። በድምሩ 64 ሆነ፣ የሱ 16። ድርሻው ጨመረ? ቀነሰ? ብዙ ልጅ «ተቃለለ» ሲባል ያነሰ ይመስለዋል፣ እዚህ ላይ በዓይኑ ያየዋል።

የሚያካፍለው ቁጥር ሲጠፋበትስ? 13/39 ቀላል ነው፣ 39 ማለት 13 ሦስት ጊዜ ስለሆነ 1/3 ነው። 91/119 ግን ብዙ ሰው «አይቃለልም» ብሎ የሚተወው ነው። ትንሹን ከትልቁ ይቀንስ፦ 119 ሲቀነስ 91፣ 28። ከ91 ላይ 28ን ሦስቴ ሲያነሳ 7 ይተርፋል። 28 ደግሞ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ የሚፈልገው ቁጥር 7 ነው። ሁለቱንም ለ7፣ 13/17። ዘዴው የግሪኩ ዩክሊድ ነው፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ይሠራል።

ኩርፊያው ሲበርድ 26/65 ስጪው። 2/5 ካለሽ ቶሎ አታጨብጭቢ፣ «ለስንት አካፈልከው?» በይው። ለ13 ካለ ገብቶታል።